የሣጥኑን ሆድ የሚያይ ሰው

ባለፈው ወር ሱቄን ለቀቅሁ። ቁልፉን ለልጄ ሰጠሁት፤ እሱ የሞባይል ሽፋን ሊሸጥበት ነው። መላጊያዎቼን በጆንያ ጠቅልዬ ስወጣ ጎረቤቶቼ «እንግዲህ ዕረፍ አወል፣ በቃህ» አሉኝ። መልካም ምኞት መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሰው «በቃህ» ሲለኝ ማን ልኮት ነው ብዬ ማሰብ ልማዴ ነው። ሚስቴ በዚህ ጠባዬ ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። እሷ የምትስቀው እኔ በሠራሁበት ዘመን ሣጥን ስላልሠራች ነው።

ሥራዬ የድምፅ ማጉያ ሣጥን መሥራት ነበር። ስፒከሩን ሌላ ሰው ያመጣል፣ ሽቦውን ሌላ ሰው ይቀጥላል፤ እኔ ቤቱን እሠራለታለሁ። በጅማ፣ በየቡ፣ በሰቃ ሠርግ ላይ የጨፈረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሰማው በእኔ እንጨት ውስጥ ያለፈ ድምፅ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ፕላስቲክ ሆኖ ከፋብሪካ ይመጣል። መብራት ያበራል፣ ቀለም ይቀያይራል። በጣቴ ሳንኳኳው ግን ያው ባዶ ጀሪካን ነው። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ሥራ ስለቀረብኝ የቀናሁ ይመስላቸዋል። ትንሽም ቀንቻለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አባ ፊጣ ናቸው። ሂርማታ ገበያ ጥግ በርጩማ፣ አልጋና የሙሽራ ሣጥን ይሠሩ የነበሩ፣ ጅማን ተወልደው ያረጁባት ሰው ነበሩ። እኔ እሳቸው ዘንድ የገባሁት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ዓመት ነው። አባቴ «መንገድ ለመንገድ ከምትዞርና አንዱ ከሚጠረጥርህ እንጨት ላግ» ብሎ ወሰደኝ። ደመወዜ ምሳና አንዳንድ ሳንቲም ነበር።

አባ ፊጣ እንጨት ሲገዙ ለማየት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ሳንቃውን በጣታቸው አንጓ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንኳኳሉ። ከዚያ ጆሯቸውን በአንዱ ጫፍ ለጥፈው እኔን ወደ ሌላው ጫፍ ይልኩኛል፤ በምስማር እንድጭር። ጭረቱ ጥርት ብሎ ከመጣላቸው እንጨቱ ደርቋል፣ ውስጡም ጤና ነው። ከታፈነ ወይ እርጥብ ነው ወይ ነቀዝ አለበት። ሻጩ «ዋላሂ ደረቅ ዋንዛ ነው!» ብሎ ሲምል ይበልጥ ያንኳኳሉ። «ደረቅ እንጨት ጠበቃ አያቆምም» ይሉ ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ይህ ሁሉ ትዝታ የሚመጣው ከሱ ነው። ሣጥን ሠርተው ጀርባውን ወይም ድርብ ወለሉን ከመዝጋታቸው በፊት በር ላይ ይወጡና አንድ ሰው ይጠራሉ። «ኮቱ፣ ላሊ!» ና፣ እይ ማለት ነው። የተጠራው ሰው ገብቶ በባዶው የሣጥን ሆድ ውስጥ አንገቱን ያስገባል፣ በእጁም ይዳብሳል። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ይዘጉታል። ገና ወጣት ሳሉ የሙሽራ ሣጥን የሠራ ጓደኛቸው፣ ወርቅ ጠፋ ሲባል «በድርብ ወለሉ ሥር ደብቀሃል» ተብሎ ሞልቶ የፈሰሰ ስድብና ዱላ ቀምሷል። ሣጥኑ ተሰብሮ ሲታይ ምንም አልነበረበትም፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። አባ ፊጣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያላየውን ሆድ ዘግተው አያውቁም።

ወደ ስፒከር ያስገባን ግርማ ነው። ግርማ ከሱቃችን ሁለት በር አልፎ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፤ ቤተሰቡ ከሸዋ የመጡ ናቸው። እጁ ወርቅ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከተጣለ አውቶቡስ፣ ከየትም ዕቃ እየለቀመ አምፕሊፋየር ይሠራል። አንድ ቀን ከአሮጌ አውቶቡስ የነቀለውን ትልቅ ስፒከር ይዞ መጣና ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ዘፈን ለቀቀበት። የትንኝ ድምፅ ነበር። ግርማ ቆጣ ብሎ አነሳውና ግማሹ ያላለቀ የሙሽራ ሣጥን አፍ ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ወዲያው ዘፋኙ ወፈረ። ከበሮው ከወለሉ ተነስቶ እግራችንን ነካን።

አባ ፊጣ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ሱብሃነላህ! ሰውየው ደረት አወጣ እኮ!»

«ከፊት የሚወጣው ድምፅና ከኋላ የሚወጣው ይጣላሉ አባ ፊጣ» አለ ግርማ። «ኋላውን ዘግተን ስናስቀምጠው ነው የሚያምርበት።»

በመጀመሪያ ሣጥን አልሠራንም፤ ፈለግን እንጂ። የሞተ ሬዲዮግራም ቅርፊት፣ የቁም ሣጥን መሳቢያ፣ የሻይ ቅጠል የመጣበት የኮምፔንሳቶ ሣጥን፣ የተገኘውን ሁሉ ቀድደን ስፒከር ከተትንበት። ኮምፔንሳቶው ስስ ስለሆነ ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይንዘፈዘፋል። መሳቢያው ያንቋርራል። በመጨረሻ አባ ፊጣ ተናደዱና ከወፍራም ዋንዛ ራሳቸው ሠሩ። ውስጡን በመስቀለኛ ደግፈው፣ ማዕዘኑን በኮላና በሰጋቱራ ደፍነው፣ ጀርባውን በቪቴ አጠበቁት። ቀዳዳ መኖሩን የምናውቅበት ዘዴ ነበረን፤ ግርማ የስፒከሩን ወረቀት በቀስታ በጣቱ ሲገፋ እኔ ኩራዝ አብርቼ በየመጋጠሚያው አስጠጋለሁ። ነበልባሉ ከተንቀጠቀጠ እዚያ ላይ አየር ይወጣል ማለት ነው፤ እንደገና እንደፍናለን። ይህን ያህል የተዘጋ ሣጥን እንኳ ባዶውን ከሆነ በርሜል ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል። ስለዚህ ሆዱን ጥጥ እንሞላለን፤ ጥጡ ጩኸቱን ይውጠዋል።

ሥራ ጎረፈልን። ቀበሌው ለስብሰባ አዳራሹ አዘዘ፤ ሁለቱ ሣጥኖች ጣሪያው ጠርዝ ሥር ወደ ገበያው ፊታቸውን አዙረው ተሰቀሉ። የኪነት ቡድኖች አዘዙ፣ ጠጅ ቤቶች አዘዙ። ሰቃና የቡ እየሄድን ለገበሬ ማኅበራት ሠራን። ከሥራው ጋር ታደሰ መጣ።

ታደሰ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጠመንጃው ከሱ በዕድሜ የሚበልጥ። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ይቆምና ይጠይቃል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ሣጥን።»

«ምን ይገባበታል?»

«ምንም። ድምፅ።»

«ምንም የማይገባበት ሣጥን ለምን በቪቴ ይዘጋል?»

በዚያን ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም። አሰሳ ሲመጣ ፍራሽ ሳይቀር ይቀደድ ነበር። የተዘጋ ሣጥን፣ ያውም ሽቦ የወጣለት፣ ወረቀት ተደብቆበታል፣ ሽጉጥ አለበት፣ ወደ ሱዳን የሚያወራ ሬዲዮ ነው የማይባልበት ምክንያት አልነበረም። ታደሰ የሰማውን ሁሉ ወስዶ ለቀበሌው ሊቀመንበር እንደሚያቀብል አልተጠራጠርኩም። ግርማንም እጠረጥር ነበር፤ ሬዲዮ ሲጠግን የትኛውን ጣቢያ እንደሚሞክር ማን ያውቃል? እሱም እኔን ይጠረጥረኝ ነበር መሰለኝ፤ ስገባ ድምፁን ይቀንሳል። አባ ፊጣ ግን ሣጥን በዘጉ ቁጥር ደጅ ወጥተው የሚጠሩት ያንኑ ታደሰን ሆነ።

«አባባ፣ ከሰው ሁሉ እሱን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ታዲያ ማንን?»

«ጎረቤት አለ። ወዳጅ አለ።»

«የወዳጅ ምስክርነት ምን ይሠራልሃል ኢልማ ኮ፣ ልጄ? ‹ወዳጁ ነው› ብለው ይጥሉታል። ሆድህን ለሚጠረጥርህ ሰው ነው የምታሳየው። እሱ አይቶ ምንም ካጣ፣ ሌላው ምን ያገኛል?»

ነገሩ አልገባኝም፤ ቢገባኝም አልወደውም ነበር። ታደሰ በተጠራ ቁጥር ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ገብቶ ያያል፣ ይዳብሳል፣ «ዝጉት» ብሎ ይወጣል።

ከዚያ ጥጥ ጠፋ። ዱሮም ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፤ በዚያ ዓመት የጥጥ ተራ ደረሰ። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን አዲስ አበባ ለበዓል ተጋብዞ ሁለት ትላልቅ ሣጥኖች በአስቸኳይ ታዘውልናል። ሣጥኖቹ አልቀዋል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ ሲሞከሩም እንደ በርሜል ይጮኻሉ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የቡ ካለው የቡና መፈልፈያ ጀርባ ገለባ እንደ ተራራ ተከምሮ ይቃጠላል። ቀላል ነው፣ ደረቅ ነው፣ የሚከለክል የለም። በጆንያ ሞልቼ አመጣሁ። ከአሮጌ አቡጀዲ ትናንሽ ከረጢቶች ሰፍቼ ገለባውን ከተትኩና በሣጥኑ ግድግዳ ዙሪያ ደረደርኳቸው። ግርማ ዘፈን ሲለቅበት ሦስታችንም ተያየን። ከጥጡ የተሻለ ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አባ ፊጣ ግን አንዱን ከረጢት አንስተው አሸተቱት። «ኢልማ ኮ፣ በዚህ ዘመን ቡና የነካው ነገር ሁሉ ያስጠይቃል።»

«ፍሬ እኮ የለበትም አባባ!»

«ሽታ አለበት።»

ትክክል ነበሩ። ቡና ለመንግሥት ገዢ ካልሆነ ለሌላ አይሸጥም፤ ከጅማ ቡና ይዞ መውጣት ኮንትሮባንድ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ሰኮሩ ላይ ኬላ አለ፤ የአሮጊት ቋጠሮ ሳይቀር ይፈታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ገለባ ነው፤ ለማገዶ እንኳ ጭሱ ያስለቅሳል ተብሎ የሚናቅ። በቡና አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ገለባን ቡና ብሎ አያስብም። ሌላ አገር የተወለደ ፈታሽ ግን ምን ብሎ እንደሚያስብ አልገመትኩም። አባ ፊጣም ጊዜው አጥሮ ስለነበር እሺ አሉ።

ከመዝጋታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ወጡ። «ታደሰ! ኮቱ፣ ላሊ!»

ታደሰ ገባ። በዚያ ቀን እንደ ወትሮው ዳብሶ አልወጣም። ተንበረከከ፣ እጁን እስከ ትከሻው ከተተ፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ጨመቀ። ሁለተኛውንም ሣጥን እንዲሁ። ከዚያ እጁን አውጥቶ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ረጅም ጊዜ አሸተተ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አላወቅሁትም። አለቀልን ብዬ አሰብኩ።

«ገለባ ነው» አሉት አባ ፊጣ።

«አያለሁ» አለና ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። አባ ፊጣ ቢስሚላህ ብለው ዘጉት፤ የጋለ ብረታቸውንም አምጥተው እንደ ሁልጊዜው ምልክታቸውን ጀርባው ላይ አተሙ።

በማግስቱ ኪነት ቡድኑ በጭነት መኪና ሄደ፤ ግርማም ለአምፕሊፋየሩ ሲል አብሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግርማ ብቻውን በአውቶቡስ ተመልሶ መጣ። ፊቱ አመድ ነበር። ሰኮሩ ኬላ ላይ አንዱ ፈታሽ ሣጥኑን አሸተተና አስከፈተው። ከረጢቶቹን ቀደዳቸው። ገለባው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«‹ገለባ ነው› አልነው» አለ ግርማ። «ምን አለን መሰለህ? ‹ገለባው እዚህ ከሆነ ፍሬው የት ገባ?›»

እኔ ሳቅሁ። ግርማ አልሳቀም።

«‹የት አራገፋችሁት? ሽታውን ለማደናገር ነው ገለባ የሞላችሁት?› እያለ እስኪመሽ አቆየን። የቡድኑን ልጆች ለቀቃቸው። ሣጥኖቹን ያዘ። ማን እንደሠራቸው ጠየቀኝ።»

«ነገርከው?»

«ምልክቱ ጀርባው ላይ ታትሞ ምን ብዬ ልደብቅ?»

ሊሆን ይችላል። ግን ሣጥኖቹ ተይዘው እሱ እንዴት በነፃ ተመለሰ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። ፊቱን ሳየው ያለቅሳል፤ እኔ ግን ልቅሶውንም ጠረጠርኩት።

አባ ፊጣን የሚወስዱ ሰዎች የመጡት በማግስቱ ነው፤ ለአሱር ሰላት ውዱእ እያደረጉ ነበር። እኔ ፊታቸው ቆሜ «ገለባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የሰፋሁትም እኔ» አልኩ። አንደኛው ሰውዬ ወደ እኔ ሳያይ «ምልክቱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የኔ ነው» አሉ አባ ፊጣ። «ሣጥኑም የኔ፣ ሆዱም የኔ። እሱ ሠራተኛ ነው።» ወደ እኔ ዞረው «መሮዎቹን ዘይት ቀባቸው፣ ዝናብ አለ» አሉኝ፤ ሄዱ።

የክሱ ስም «የኢኮኖሚ አሻጥር» ነበር። በዚያ ስም ተወስደው ያልተመለሱ ነጋዴዎች ጅማ ውስጥ ነበሩ፤ ስማቸውን ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም። አባ ፊጣ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረታቸው ያፏጫል። እስር ቤት አንድ ክረምት እንደማያልፉ አውቅ ነበር። በገለባዬ ምክንያት ሊሞቱ ነው፤ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ሆዱን ያየው ታደሰ ነው። ስለዚህ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ አባ ፊጣን ወሰዷቸው። አንተ ሣጥኑን አይተሃል እኮ፣ እጅህን ከተህ አይተሃል...»

ጓደኞቹ ወደ እሱ ዞሩ። ታደሰ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አላየሁም» አለ። «ሂድ ከዚህ።»

ጥቂት እርምጃ ራቅ ስል ከኋላዬ ደረሰና ዝቅ ባለ ድምፅ «የት ነው ያሰሯቸው?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ይህን ደግሞ ለማን ሊያቀብል ነው? ከሰዓት በኋላ ከሊቀመንበሩ ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። ያን ቀን ታደሰን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ስንቅ ስወስድ ጠባቂው ገንፎውን በእንጨት እየወጋ ይፈትሽ ነበር። አባ ፊጣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ታደሰ ነው።

«አላየሁም አለ አባባ። ካደ።»

«የት ሆኖ ነው ያለህ?»

«በር ላይ፣ ጓደኞቹ መሃል።»

«ኤዬ፣ እንዲያ ነዋ» አሉ፤ አሳላቸው። «ሰው በር ላይ ያየውን አይናገርም። ተወው፣ አትነካካው።»

ጉዳዩን ለማየት ከአውራጃው ሦስት ሰዎች መጡ። ለሕዝቡ መማሪያ እንዲሆን በቀበሌው አዳራሽ፣ በማይክሮፎን እንዲሆን ተወሰነ። ግርማ አምፕሊፋየሩን አምጥቶ ማይክሮፎኑን እንዲያገናኝ ታዘዘ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የተሰቀሉት የኛው ሣጥኖች ናቸው፤ አባ ፊጣ በራሳቸው ሣጥን ሊዋረዱ ነው። የገበያ ቀን ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል።

አባ ፊጣ ከተያዙት ሣጥኖች አጠገብ ቆሙ። መሃል የተቀመጠው ሰውዬ ጠየቃቸው።

«ይህ ገለባ ለምን ገባ?»

«ድምፁ እንዳይጮህ።»

«ለድምፅ ማጉያ ድምፁ እንዳይጮህ?»

አዳራሹ ሳቀ። አባ ፊጣ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ አልሰማቸውም።

«ፍሬው የት ገባ?»

«ፍሬ አልነበረም።»

«ባዶ መሆኑን ማን አየ?»

አባ ፊጣ የታደሰን ስም አልጠሩም። ብድግ ብዬ «እኔ» ስል «አንተ ሠራተኛው ነህ፣ ተቀመጥ!» አሉኝ። ቃሉ በሣጥኖቹ በኩል ገበያው ላይ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፤ አንዲት አህያ አናፋች። ከዚያ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«እኔ አይቻለሁ።»

ታደሰ ነበር። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ሊቀመንበሩ ፊቱ ፈካ፤ የራሱ ሰው ነው፣ ይጠቅመኛል ብሎ አስቧል።

«እንዴት አየህ?» አለው መሃል የተቀመጠው።

«እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ። ከረጢቱን አንድ በአንድ ጨምቄ። ሁለቱንም ሣጥን።»

«ለምን ይህን ያህል ፈተሽክ? አብዮታዊ ንቃት ነው» አለ ሊቀመንበሩ ሊያግዘው።

ታደሰ ወደ እሱ አየ። «አይ» አለ። «ቡና ፈልጌ ነው።»

ጠያቂው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ቤቴ ቡና ከጠፋ ወር አልፎታል። ሚስቴ ገብስ ቆልታ ነው የምታፈላው። ጅማ ተቀምጠን ገብስ! ያን ቀን ሽታው ሲመጣብኝ ራሴን መግዛት አቃተኝ። አንድ እፍኝ ባገኝ ኪሴ ከትቼ እሄድ ነበር፤ ለማንም አልናገርም ነበር። ጓዶች፣ በልጄ ልማል፣ አንዲት ፍሬ አልነበረችም። ብትኖር እኔ ሰርቄያት ነበር።»

መጀመሪያ ከውጭ ነው ሳቁ የመጣው። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ «እውነቱን ነው! እኛም ገብስ ነው!» የሂርማታ ገበያ በሙሉ ሰምቶታል፤ ያውም ጥርት ብሎ።

«ማይኩን ዝጋው!» አለ ሊቀመንበሩ።

ግርማ ጎንበስ አለ። «ቁልፉ አልታዘዝ አለኝ ጓድ። ደርቋል።» እጁን በቁልፉ ላይ አድርጎ ሲታገል አየሁት። ቁልፉ ጤና እንደነበር ጠዋት አይቻለሁ። ታደሰ ግን አልጨረሰም፤ «ሽማግሌውን ልቀቋቸው፣ ሌባ ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ» ሲል ይኸም ገበያ ወጣ።

በሕዝብ ፊት፣ በዚያ ሳቅ መሃል፣ ፍሬው የት ገባ ብሎ መቀጠል አልተቻለም። ሦስቱ ሰዎች ተንሾካሹከው ተነሱ። ሣጥኖቹ ተወረሱ፤ አባ ፊጣ ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እጃቸውን ይዤ ስወስዳቸው አለቀስኩ፤ አላፍርም። የታደሰን ጠመንጃ አዳራሹ በር ላይ ተቀበሉት። የግርማን አምፕሊፋየር «ለምርመራ» ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ግርማን ከዚያ በኋላ መጠርጠር ተውኩ። እሱ ይተወኝ አይተወኝ አላውቅም።

ታደሰን በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼ «ለምን አላየሁም አልከኝ?» አልኩት።

«ፈርቼ ነዋ» አለ። «ምን መስሎህ ነበር?»

ወደ ሰሜን የሚዘምቱ ሲመለመሉ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ ነበር። ሊሄድ ሲል ሱቃችን መጣ። ጠረጴዛው ላይ ጀርባው ያልተዘጋ ሣጥን ነበር፤ አባ ፊጣ ሌላ ምንም ሳይሉ «ኮቱ፣ ላሊ» አሉት። ታደሰ ተንበረከከ፣ እጁን እስከ ትከሻው ከተተ፣ ጣቶቹን አሸተተ።

«ዛሬም የለም» አለ። ሦስታችንም ሳቅን፤ አባ ፊጣ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ አላየነውም። ሚስቱ ጥቂት ጠብቃ ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሄደች።

አባ ፊጣ ከዚያ ወዲያ ሣጥን ሊዘጉ ደጅ ሲወጡ የሚጠሩት አጡ። ሰው ምስክር መሆን ፈራ፤ ሲጠሩት ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ካቻቢቴያቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ እኔን ያሳዩኝና «አንተ ትወደኛለህ፣ አትጠቅመኝም» እያሉ ይዘጉታል። ጥቂት ዓመት ኖረው ሞቱ። እኔ የእንጨት ሥራ ማኅበር ገባሁ፤ አለቃዬ «ሰው እየጠራህ ጊዜ ታባክናለህ» ይል ነበር፤ እሱኑ እየጠራሁ አሳየሁት። መንግሥት ሲለወጥ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ስወድም ስጠላም ኖርኩበት።

የመጨረሻውን ሣጥን የሠራሁት ባለፈው ወር ለአንድ የሰቃ ወጣት ነው። ፕላስቲኩ ለሠርግ አልሆን ብሎት ነው የመጣው። ደረቅ ዋንዛ፣ በኩራዝ የተፈተሸ፣ ጥጥ የተሞላ። ሊዘጋ ሲል በሩ ላይ ወጥቼ «ኮቱ፣ ላሊ» አልኩት። ከስልኩ ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«አባባ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ይዝጉት በቃ።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ካቻቢቴዬን ይዤ ትንሽ ቆምኩና ተመለስኩ። ጉልበቴ እያመመኝ ተንበረከክሁ፤ እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ፤ ጥጡን በየማዕዘኑ ጨመቅሁት። ጣቶቼን አሸተትኩ።

«ዛሬም የለም» አልኩ። ልጁ ምን እንደምል አልገባውም። ቢስሚላህ ብዬ ዘጋሁት።